ለአራት ብሎን የተሰጠ ምስክርነት

ቡታጅራ ውስጥ በአቶ ሰይፉ በርበሬ ማዘጋጃ የሚሠራ ሰው አደጋ አፍንጫው ሥር ደርሶ ከተመለሰለት፣ ወሬውን የሚያወጣው በሥራ ቦታው አይደለም፤ እሑድን ጠብቆ ቤተ ክርስቲያን ነው። መዘምራኑ አብቅተው ኪቦርዱ ቀስ እያለ ሲያንጎራጉር፣ ፓስተር ካሳሁን ማይኩን ከፍ አድርጎ "ጌታ በዚህ ሳምንት ያደረገለትን የሚመሰክር አለ?" ይላል። ያኔ ከወዲህም ከወዲያም እጅ ይነሣል። ከሚነሡት እጆች ብዙዎቹ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ናቸው፤ በርበሬ ቅዳሜ ማታ ምን ቢታጠቡት አይለቅም።

"ማክሰኞ ዕለት፣" ትላለች ጆንያ ሰፊዋ ዘርፈሽዋል፣ "ከጎኔ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ጆንያ ተናደ! እኔ ውሃ ልጠጣ ብድግ ከማለቴ በርጩማዬ ላይ ወደቀ። በርጩማዋ እንክትክት አለች። እኔን ግን ጌታ ውሃ አስጠማኝ!"

"ሃሌሉያ!" ይላል ጉባኤው።

ከሁሉም ድምፅ በልጦ የሚሰማው ከፊት ወንበር፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል የሚወጣው የአቶ ሰይፉ "አሜን" ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚሉት። ጆንያውን እስከ ጣሪያ ያስደረደሩት እሳቸው ናቸው። መጋዘን ከማስፋት ወደ ላይ መደርደር ይቀላል፤ ወደ ላይ መሄዱ ደግሞ ለመንፈሳዊ ሰው አያስነውርም።

እቴነሽ ይህን አሜን ከሦስተኛው ረድፍ ሆና ስትሰማው ኖራለች። ማዘጋጃው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ናት፤ ከወፍጮው የሚወጣውን በርበሬ በወንፊት ትነፋለች። ምስክርነት ሰጥታ አታውቅም። ጸሎቷ ከከንፈሯ አያልፍም፣ ሰው ሲያወራ ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማለች፣ እሷ ግን አትናገርም። ምእመናኑ "እቴነሽ ትሑት ናት" ይላሉ። ትሑት መሆኗን እንጃ፤ በሆዷ የምትስቀውን ሳቅ ቢያዩ ግን ሌላ ስም ያወጡላት ነበር።

አንዳንዴ ትቆጥረዋለች። አንዱን ከምድጃ አፍ ጌታ መለሰው፣ አንዷን ከጆንያ ሥር ጌታ አወጣት፣ አንዱን ከመሰላል ጫፍ ጌታ በክንዱ ተቀበለው። ምድጃውም የአቶ ሰይፉ፣ ጆንያውም የአቶ ሰይፉ፣ መሰላሉም የአቶ ሰይፉ። 'ይህ ሰውዬ ለጌታ ያልሰጠው ሥራ የለም' ትላለች በሆዷ።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ መጥቶ ነበር እኮ። ያመጣው ቃለአብ ነው። ቃለአብ የአቶ ሰይፉ የእህት ልጅ ሲሆን የማዘጋጃው ሥራ አስኪያጅ ይባላል፤ የጭነት መኪና ሲመጣ በር ያስከፍታል፣ በቀረው ሰዓት ስልኩን ይነካካል። ሀዋሳ ላይ የሥራ ደኅንነት ሥልጠና ተሰጥቶት፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉለትን ባጅ ሳያወልቅ ተመለሰ። ከነባጁ በላ፣ ከነባጁ ጠጣ፣ ከነባጁ ሰበሰበን ይላሉ ሠራተኞቹ።

"ስሙኝማ!" አለ ግቢው መሐል ቆሞ። "አንድ ከባድ አደጋ ከመድረሱ በፊት ለጥቂት የሳቱ ብዙ ትንንሽ ነገሮች አሉ። እነሱን ከነገራችሁን ትልቁ አይመጣም። ዕቃ ወድቆ ማንንም ሳይነካ ቀረ? ንገሩን። አንሸራትቷችሁ ሳትወድቁ ቀራችሁ? ንገሩን። ማንም አይወቀስም። ፍሪ ነው!"

ነገሩ እውነት ነበር። እቴነሽ እንኳ ወንፊቷን አስቀምጣ 'ልጁ ዛሬስ ቁም ነገር ተናገረ' አለች።

ከዚያ አቶ ሰይፉ ተነሡ።

"ቃለአብ ያለውን ሰምታችኋል። ጥሩ ነው። እስቲ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ግቢ ያጋጠመው ማነው? ይነሣና ስሙን ይናገር።"

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ዘርፈሽዋል እግሯን አየች።

"አየህ!" አሉ ወደ ቃለአብ ዞረው። "እኛ ጋ የለም።"

ቢሆንም ሳጥን ተሠራ። ከዋንዛ የተሠራ፣ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ወረቀት ማስገቢያ ያለው፣ ቁልፉ ከአቶ ሰይፉ የመኪና ቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ሳጥን። የተሰቀለውም በአቶ ሰይፉ ቢሮ መስኮት ሥር ነው፤ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ቀና ሲል በመስታወቱ ውስጥ ከአቶ ሰይፉ ጋር ዓይን ለዓይን ይጋጠማል። ከላዩ ላይ ባነር ተዘረጋ፦ "ለጥቂት የሳተ አደጋን እንጠቁም! ደኅንነት ከእኔ ይጀምራል!" አቶ ሰይፉም ከራሳቸው አንድ ጨመሩበት፤ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ወር ካለቀ ለሠራተኛው ሁሉ ሚሪንዳ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተገላቢጦሽ ይሆናል" አለ ቃለአብ በጨዋ ደንብ።

"ምኑ ነው የተገለበጠው? አደጋ የሌለበት ወር አይሸለምም?"

ቃለአብ ባጁን እያሻሸ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ለሥልጠናው ይህን ያህል ከተሟገተ ምን ይወቀሳል?

ያንን ሳጥን የደፈረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙባሪክ። ሙባሪክ ከመስቃን ገጠር እየተመላለሰ በርበሬ የሚያምስ ልጅ እግር ነው። የማመሻው ሽቦ ተልጦ፣ ወለሉ ሲታጠብ ብልጭ እንደሚል ጽፎ አስገባ። ወሩ አለቀ። ሚሪንዳው በሳጥን በሳጥን ግቢ ውስጥ ተደርድሮ፣ ሠራተኛው ከንፈሩን እየላሰ በተሰበሰበበት አቶ ሰይፉ ቁልፋቸውን አወጡና የወረቀቱን ሳጥን ከፈቱ። ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡት።

"ሙባሪክ፣ ይሄ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው ጋሼ።"

"ሽቦው ያዘህ?"

"አልያዘኝም።"

"ሌላ ሰው ያዘ?"

"ኧረ አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም።"

"ታዲያ ያልሆነውን ለምን ትጠራዋለህ? ይሄ ሟርት ነው!"

ሚሪንዳው ተመልሶ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ሽቦው በፌስታል ተጠቀለለ። ሙባሪክም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ሚሪንዳ" ሆነ፤ ሲመጣ "ሚሪንዳ ደረሰ"፣ ሲሄድ "ሚሪንዳችን ሄደ" ይሉታል። ወረቀት ከዚያ ወዲያ አልገባም። ወር በመጣ ቁጥር ሚሪንዳ ይጠጣል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ሰይፉ ሳጥኑን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉና "ስሙት፣ ባዶ ነው!" ይላሉ። እንግዶቹ ይደነቃሉ። ባዶ ነገር ሲመቱት መጮኹ እንዴት እንደሚያስደንቅ እቴነሽ አልገባትም።

ወፍጮው እንግዲህ እንደማንኛውም ወፍጮ በሞተር ይዞራል፤ ሞተሩና ወፍጮው የሚያያዙት ቺንጊያ በሚሉት ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጊያው በአራት ብሎን የሚታሰር የብረት መከለያ ነበረው። የበርበሬ ብናኝ እየገባ ቺንጊያው ሲንሸራተት፣ ለማጥበቅ ደግሞ አራቱን ብሎን መፍታት ግድ ሲሆን፣ አቶ ሰይፉ "ክፍት ይሁን፣ አየር ያግኝ" አሉ። መከለያው ግቢ ውስጥ ወደቀ። ዘበኛው ሀያቱ አየውና ለዶሮዎቹ ቤት ክዳን አደረገው። ዝናብ አያስገባም፣ ጭልፊት አያስገባም። በዚያ ግቢ ደኅንነቱ የተጠበቀ ፍጡር ቢፈለግ የሀያቱ ዶሮዎች ናቸው።

ወፍጮውን በርበሬ የምታበላው መሕቡባ ናት። ከእቴነሽ ጋር አጥር ይጋራሉ፤ ልጆቻቸው የወጡበት አንዱ ቤት ይሁን ሌላው እስከማይታወቅ ድረስ አብረው ያደጉ ናቸው። መሕቡባ ቀልደኛ ናት። ያን ሐሙስ ግን የፈሰሰ በርበሬ በጣሳ ልታነሣ ጎንበስ ስትል፣ የሻሿ ጫፍ ቺንጊያውን ነካው።

እቴነሽ የሰማችው "ፍጭጭ" የሚል ድምፅ ነው። ዞር ስትል ሻሹ ከመሕቡባ ራስ ላይ ተመዞ፣ ዞሮ፣ ተበጫጭቆ ወደ ጥግ እየተበተነ ነበር። መሕቡባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋለች።

"መሕቡባ! አንገትሽን አሳዪኝ!"

"አለ፣ አለ። አልሄደም።" ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። "ሻሼ ተፈጨ እቴነሽ! አዲስ አበባ ያለች አንዷ ሴትዮ ዶሮ ወጧ ውስጥ የኔን ሻሽ ልታገኝ ነው!"

እቴነሽ ነጠላዋን አውልቃ የጓደኛዋን ፀጉር ሸፈነችላት። ስትሸፍናት ነው የመሕቡባ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ የሰማችው።

"ሁሌ እዚህ ጋ በመርፌ ቁልፍ አስረዋለሁ" አለች መሕቡባ አገጯ ሥር እየነካች። "ዛሬ ልጄ ሩፋይዳ ለዩኒፎርሟ ብላ ወሰደችብኝ። ጠዋት ረግሜያት ነው የወጣሁት። ወላሂ ማታ የዚህችን ልጅ እግር ነው የምስመው።"

"ተነሺ፣ እንንገራቸው።"

"እኔ? በወር መጨረሻ? ሚሪንዳ ቁጥር ሁለት ሆኜ ሴቶቹ ይብሉኝ? ተዪኝ እናቴ። ደግሞ ሥራው ይቅርብሽ ቢሉኝስ?"

እቴነሽ ብቻዋን ሄደች። ቃለአብ ስልኩን ሳያስቀምጥ ሰማት።

"ሳጥኑ አለ እኮ እትዬ።"

"ሳጥኑ ጆሮ የለውም፤ አንተ አለህ። መከለያው ይመለስ።"

"እኔ ምን ገዶኝ። ግን ያለ ጋሼ ፈቃድ ብሎን አልነካም።"

አቶ ሰይፉ ጠረጴዛቸው ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ነበር።

"ጋሼ፣ መሕቡባን ቺንጊያው ለጥቂት ሳታት። ሻሿን ከራሷ ላይ በላው።"

"ተጎዳች?"

"አልተጎዳችም፣ ግን..."

"ክብር ለጌታ!" ብድግ አሉ። እጃቸው በልማድ ወደ ላይ ወጣ። "ይሄማ የሳጥን ነገር አይደለም እቴነሽ! የጌታ ሥራ ሳጥን ውስጥ ይከተታል? ይሄ የሚመሰከር ነው!"

"መከለያው ጋሼ፣ መከለያው ቢመለስ..."

"አንቺ ሁሌ ዝም ትያለሽ፣ በልቤ እያዘንኩ ነው የማይሽ። በይ እሑድ ተነሥተሽ መስክሪ። እኔ ራሴ አሜን እልሻለሁ።"

እቴነሽ ትንሽ አየቻቸው።

"እሺ ጋሼ" አለች።

ዓርብና ቅዳሜ መሕቡባ ሌላ ሻሽ አስራ፣ ጫፉን ቀሚሷ ውስጥ ወትፋ ያንኑ ወፍጮ አበላች። እሷ ጎንበስ ባለች ቁጥር የእቴነሽ ወንፊት አየር ላይ ይቆማል፤ ሰው ጎረቤቱን በዓይኑ ይዞ ማቆየት የሚችል ይመስል። አንድ ጊዜ ጫፉ ከቀሚሷ አምልጦ ተንጠለጠለ፤ እቴነሽ ጮኸች፤ መሕቡባ መልሳ ወተፈችውና "ድምፅሽ ከቺንጊያው በላይ ሊገድለኝ ነው" አለች። ሳቀች፤ እቴነሽ ግን አልሳቀችም። ቅዳሜ ማታ ተንበርክካ ልትጸልይ ብላ ቃል አጣች።

እሑድ እጇን ስታነሣ ፓስተር ካሳሁን ዓይኑን ማመን አቃተው።

"እህት እቴነሽ! ጌታ ይባረክ! ዛሬስ ዝምታ ተሰበረ!"

ማይኩን አፏ ላይ ለጠፈችው፤ ጢው አለ፤ ራቅ አደረገችው።

"ሐሙስ ዕለት ጌታ ጎረቤቴን ከሞት አተረፈልኝ።"

"አሜን!" አሉ አቶ ሰይፉ፣ ቃላቸውን ጠብቀው፣ ከሁሉም በላይ።

"ስሟ መሕቡባ ይባላል።"

ጉባኤው ውስጥ ቁጥር የሌለው ዓይን ተንቀሳቀሰ። አሜኑ ሳሳ።

"እሷ እዚህ መጥታ አትናገርም፤ ስለዚህ እኔ ተነሣሁላት። ሻሿን ከራሷ ላይ የወሰደው የወፍጮ ቺንጊያ ነው። የዚያን ዕለት መርፌ ቁልፏን ልጇ ባትወስድባት ኖሮ ከሻሹ ጋር አንገቷ ይሄድ ነበር።"

"ኢየሱስ!" አለች አንዷ።

"ቺንጊያው መከለያ ነበረው፤ በአራት ብሎን ይታሰራል። አልጠፋም። የሀያቱ ዶሮዎች ቤት ላይ ተከድኗል።"

ከመዘምራኑ አንዷ ሳቅ አምልጧት በእጇ አፈነችው። ኪቦርድ የሚነካው ልጅ ለዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ምን ዓይነት ዜማ እንደሚሄድ ስላላወቀ ጣቶቹን አነሣ።

"እህቴ፣" አለ ፓስተር ካሳሁን ማይኩን በዓይኑ እየተከተለ፣ "ዋናው ማዳኑ ነው፤ ወደ ማዳኑ..."

ከኋላ እማማ አደይ ተነሡ። እማማ አደይ ጆሯቸው ስለደከመ የሌላውም ሰው ጆሮ የደከመ ይመስላቸዋል።

"የማን ወፍጮ ነው?!"

አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚናገርም አልነበረም።

"የወንድም ሰይፉ ነው እማማ" አለች እቴነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እሑድ መስክሪ ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ጌታ ይባርካቸው። አሜን እልሻለሁ ብለውኛል።"

አንገት ሁሉ ወደ ፊት ወንበር ተጠመዘዘ። የአቶ ሰይፉ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ በምስክርነት ሰዓት ተከፍቶ ታየ። መዳፎቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ።

"አሜኑ ምነው ቀረ?" አሉ እማማ አደይ።

"አ... ሜን" አሉ አቶ ሰይፉ።

"አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ" አለች እቴነሽ። "ትናንት ማታ 'ለሰኞም ጠብቃት' ብዬ ልጸልይ ተንበርክኬ ነበር። አፈርኩ። ጌታ መርፌ ቁልፏን አንሥቶ የሱን ሠርቷል። የቀረው አራት ብሎን ነው። ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ሞልቶ ሳለ ለአራት ብሎን እሱን ማስቸገር ከብዶኝ ተነሣሁ።"

ማይኩን መለሰች። ዘርፈሽዋል ያለ ማይክ፣ ያለ ፈቃድ፣ ከተቀመጠችበት "ያ የኔ ጆንያም ዛሬም እስከ ጣሪያ ነው!" አለች። ፓስተር ካሳሁን ለኪቦርዱ ልጅ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ልጁም ያለውን ድምፅ ሁሉ ለቀቀው። ያን ቀን የተዘመረው መዝሙር ዘቢዳር ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ያባርሩሻል" አለች መሕቡባ ማታ፣ በአጥሩ ቀዳዳ። ዕንባዋን እየጠረገች ነበር፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አልለየም።

አላባረሯትም። ሰኞ ጠዋት መከለያው ቺንጊያው ላይ ተገጥሞ ተገኘ፣ አራቱም ብሎን ጥብቅ ብሎ። ጥጉ ላይ የደረቀ ኩስና አንዲት ነጭ ላባ ቀርቶበታል። ሀያቱ ግቢውን እየዞረ ሲያጉረመርም ዋለ። "ዶሮዎቼን ዝናብ ሊመታቸው ነው! ያንን ሳጥን ስጡኝ በቃ! ባዶ ነው፣ ባዶ ነው እያላችሁ ከምትደበድቡት!"

እቴነሽን ግን ቃለአብ ከወንፊቷ ጠርቶ አስወጣት።

"ጋሼ ለአየር ለውጥ ነው ብለዋል እትዬ። ውጪ ቅንጠሳ ላይ ትሆኛለሽ።" ባጁን አውልቆት ነበር፤ ዓይኗን አላያትም።

ውጪ ፀሐይ ነው፤ ጥላ የለም። ሴቶቹ የበርበሬ እንጨት እየቀነጠሱ ጀርባቸውን ሰጧት። በዚያ ወር ሚሪንዳ እንደማይኖር ሁሉም ገብቶታል። ሙባሪክ ማመሻውን ትቶ ብቅ አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደላት።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሚሪንዳ ቁጥር ሁለት! እንግዲህ ማኅበር እናቋቁም፤ ሊቀ መንበር እኔ ነኝ።"

"ሽቦህስ?"

"ፌስታሉ ቀለጠ። አሁን በሁለት ፌስታል ነው።"

ከውስጥ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። እቴነሽ በፀሐዩ ተቀምጣ ሰማችው፤ መሕቡባ ጎንበስ አለች ብላ ትንፋሿን መያዝ እንደሌለባት ለማመን እስከ ምሳ ድረስ ፈጀባት።

በቀጣዩ እሑድ፣ ፓስተር ካሳሁን ገና ሳይጠይቅ፣ ማይኩን የወሰዱት አቶ ሰይፉ ናቸው።

"ወገኖቼ! ጌታ በሕልም ተናገረኝ!"

"ሃሌሉያ!"

"ጥቁር እባብ አየሁ! ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር! ድምፅም መጣ፤ 'ሰይፉ! ሰይፉ! ሸፍነው!' አለኝ። ተነሣሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ሌሊቱ እስኪነጋ አላስቻለኝም። ሰኞ በማለዳ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ሸፈንኩት!"

እልልታው ጣሪያውን አነሣው። ፓስተር ካሳሁን ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ኪቦርዱ ዜማውን አገኘ። "ማንም ሳይነግረኝ" የሚለው ላይ ዘርፈሽዋል ዞር ብላ እቴነሽን አየቻት። እማማ አደይ "ምን አሉ?" አሉ፤ የነገራቸው የለም።

እቴነሽ አፏን ከፍታ "አሜን" አለች፣ ሰው እንዲሰማው አድርጋ። አሜኗ ለሕልሙ አልነበረም። እባቡም ሆነ ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ያውቃል፤ እሷ ያለችው ለአራቱ ብሎን ነው፣ አንድ በአንድ እያሰበቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ለመሕቡባ በአጥሩ በኩል ነገረቻት፤ እባቡንም፣ ላቡንም፣ "ሰይፉ! ሰይፉ!"ውንም በአቶ ሰይፉ ድምፅ። መሕቡባ አጥሩን ይዛ እስክታስነጥስ ሳቀች።

"እና አንቺ ዝም አልሽ?"

"አሜን አልኩ።"

"ጎሽ። ሕልማም ሰው ጥሩ ነው፣ አታስቀይሚው።" ሻሿን አገጯ ሥር አጠበቀች፤ አዲሱ መርፌ ቁልፍ ብልጭ አለ። "በይ እንደምንም ብለሽ እሑድ ንገሪያቸው፤ ማታ ደግሞ የሙባሪክን ሽቦ በሕልማቸው ይዩልን!"

እቴነሽ ግን ሁለቱ ፌስታል እስከ እሑድ ይቆይ እንደሆነ እያሰበች ነበር።